ከባዶ ካሴት የወጣ ድምፅ

መኪናው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሦስቱ አባቴ መሞቱን ሰምተዋል። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ አልሰማሁም። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ያን ቀን እኔን እንዳሞኙኝ እናንተንም ማሞኘት ስላልፈለግሁ ነው።

ትርንጎ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ፣ ስልክና የመኪና ቴፕ እጠግናለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ከእኔ ኋላ ነው። “ባለሙያው የለም?” ይለኛል። “ምሳ ሄዷል፣ እስኪመጣ እኔ ልየው” እላለሁ። ሠርቼ ስሰጠው “ባለሙያውን አመስግኚልኝ” ብሎኝ የሄደም አለ። ምላሷ ስለት ነው ሲሉኝ እሰማለሁ። አልዋሹም።

አገሬ ኩልመስክ ነው። ከአባቴ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈን ነበር። ሊድረኝ ለሽማግሌዎች ቃል ሰጥቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠፍቼ ላሊበላ ገባሁ። አባቴ ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው ነው። በእኔ ምክንያት በሰው ፊት ቆሞ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ አንድ መልእክት ላከብኝ፦ “ዓይንሽን አያሳየኝ።”

መልእክቱን ያመጣልኝ አያ ሲሳይ ነው። አያ ሲሳይ የአገሬ ሰው ነው፤ ዕድሜዋን እሱ ራሱ በማያውቀው አሮጌ ላንድክሩዘር በላሊበላና በኩልመስክ መካከል ሰው ያመላልሳል። “ኢንጅነሯ!” እያለ ያበሽቀኛል፣ እኔም አልተውለትም። ከኩልመስክ በተመለሰ ቁጥር ግን “አባቴ እንዴት ነው?” እለዋለሁ፤ “ደኅና ነው” ይለኛል። “ጠየቀኝ?” ስለው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያያል። ምርቃት አላማረኝም። ያቺ ቃል ብቻ እንድትነሣልኝ ነበር የምፈልገው። በዚያ ክረምት አባቴ መታመሙን ሰምቼ “ልምጣ ወይ?” ብዬ ላክሁ። መልስ አልመጣም። ሄጄ ከደጅ ቢመልሰኝስ? ፍስክ ሲገባ እሄዳለሁ እያልኩ ቀኑን እገፋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

የፍልሰታ ጾም ነበር። አንድ ማለዳ ገና ሱቄን ስከፍት አያ ሲሳይ መኪናውን ከደጄ አቆመ።

“ያንን ስልክ የሚሰካበትን ነገር ግጠሚልኝ” አለኝ።

እንዲገጠምለት ሁለት ዓመት ለምኜዋለሁ። ቴፑ ከካሴት በቀር ሌላ ነገር አይቀበልም፤ ካሴቶቹ ደግሞ አንድ በአንድ ተበጣጥሰዋል። ስለምነው ግን “ስልክ የሚሰካው ጆሮ ላይ ነው” እያለ ይስቅብኛል።

“ምን ተገኘ ዛሬ? ዘመናዊ ሆኑ?” አልኩት።

“ግጠሚልኝ ልጀ” አለ።

ኢንጅነሯ አላለኝም። ልጀ ብሎኝም አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያይ ጀመር።

ካቻቢቴዬን ይዤ ገባሁና ቴፑን ከዳሽቦርዱ ነቀልኩት። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ተንኮል ብቻ ነው የሚፈልገው። ካሴቱን የምታነበው ጭንቅላት ድምፁን ወደ ውስጥ የምታስገባባቸው ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። እነሱን ቆርጬ በምትካቸው ጃክ ያለው ገመድ በካውያ በየድኩ። ቴፑ ግን ካሴት ካልገባለት አይነቃም። ስለዚህ አንድ አሮጌ ካሴት ፈትቼ ጥቁሩን ጥብጣብ ከውስጡ አወጣሁና መልሼ ገጥሜ ከተትኩለት። ባዶው ካሴት ይዞራል፣ ቴፑም የሚያጫውተው እሱን ይመስለዋል። ድምፁ ግን ከሌላ ነው የሚመጣው።

ይህን ስሠራ የቤት አከራዬ እትዬ ብርቄ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከነጠላዋ ሥር ትኩስ ዳቦ አወጣች።

“ብይ” አለችኝ።

“እትዬ ብርቄ፣ ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው። ጾም ነው!”

“እግዜር ያያል። ብይ ብያለሁ።”

እትዬ ብርቄ የቀመሰ ሰው ሲያስቀድስ ብታይ ሳምንቱን ሙሉ የምታወራ ሴት ናት። ከእጇ ያልበላሁ እንደሆነ ልታለቅስ ደረሰች። ግራ ገብቶኝ ግማሹን በላሁ።

ስጨርስ ገንዘቡን ለመቀበል እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። “መንገድ ላይ እንፈትሸው” አለ አያ ሲሳይ። “ገነተ ማርያም ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። ኮረኮንቹ ላይ የሚቋረጥ እንደሆነ አንቺው ታያለሽ።”

“እኔም ልሳለም” አለች እትዬ ብርቄ ፈጠን ብላ። “ስልክሽን እስቲ ወዲህ በይ፣ ለልጀ ልደውልበት።” ተቀብላኝ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። አልደወለችም፣ አልመለሰችልኝምም።

ከነአኩቶ ለአብ ገዳም መገንጠያ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ የአባቴ የነፍስ አባት አባ ወልዴ ናቸው። ለሱባኤ ገዳሙ ውስጥ ሰንብተዋል። ሱባኤ የገባ ሰው አቋርጦ እንደማይወጣ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ወጥተው መንገድ ዳር ቆመዋል፣ መኪናው እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። አንሥተው የሚመልሱት መስሎኝ ቀና ስል መስቀሉ እዚያው ነበር።

“አባ፣ በደኅና ነው?”

“ደኅና ነው ልጀ። ሁሉም ደኅና ነው” አሉና ከኋላ ተቀመጡ።

ጉዞው እንዲህ ተጀመረ። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። አያ ሲሳይ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ቀን እንቁላል የጫነ ይመስል ይንፏቀቃል። ያለምክንያት ይቆማል። ወርዶ ጉም ውስጥ ይገባና ጀርባውን ሰጥቶን ይቆማል፣ ቆይቶ ይመለሳል። አንዴ ፊቱን ታጥቦ መጣ። በዚያ አካባቢ ውኃ አልነበረም።

“እንፈትሸው ተብሎ አልነበር? ልክፈተው” አልኩ።

“ጾም ነው” አለ።

“መዝሙር አለኝ።”

ለሙዚቃ ብሎ ያስገጠመ ሰው ሙዚቃ አይከፈት አለ። እልህ ያዘኝና ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠውን የእሱን ስልክ ከገመዱ ጋር ሰካሁት፣ ባዶውን ካሴትም አስነሣሁት። በአራቱም በሮች ካሉት እስፒከሮች እሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ሰው ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ነው። እትዬ ብርቄ አማተበች።

“አጥፊው” አለችኝ።

“መሥራቱን እያየሁ ነው” ብዬ ተውኩት።

ከጉሙ ውስጥ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ብቅ አሉ። አንዱ አያ ሲሳይን አይቶ ሰላም ሊል እጁን አነሣ። አያ ሲሳይ ራሱን ነቀነቀበት። ሰውየው እጁን አወረደና በመስኮቱ ከኋላ ቄሱን፣ ከፊት እኔን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ። ካለፍናቸው በኋላ ዞሬ ሳይ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመዋል፣ ቀስ በቀስም ጉሙ ዋጣቸው። በመስታወቱ ውስጥ እትዬ ብርቄን አየኋት። እጇ ነጠላዋን ሊዘቀዝቅ ሄዶ፣ ጥለቱን ይዞ፣ መልሶ ተወው።

አሁን ስነግራችሁ ሁሉ ነገር ግልጽ ነው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ አገር ያውቃል። ግን ሰው በራሱ ላይ የመጣውን ማየት አይችልም። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ለዚያው ሰውዬ ሊሰጡኝ ነው! ቄሱም፣ ዳቦውም፣ ስልኬም ለዚህ ነው። ደሜ ፈላ።

“አያ ሲሳይ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልትድሩኝ ነው?”

የሚስቅ አልተገኘም። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወሸቀች። አያ ሲሳይ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ “ማንም አይድርሽም ልጀ” አለ። “ማንም።”

ከቁጣዬ በታች ፍርሃት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የሆነው ይህ ነበር፤ እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። ጎሕ ሲቀድ ወንድሜ ሞላ ለአያ ሲሳይ ደውሎ ስለ አባቴ ነግሮታል፣ ትርንጎን አምጧት ብሎታል፣ መስመሩም ተቋርጧል። መልሶ ቢደውል አልገባለት አለ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም። ሰው ዘመድ ከቦት፣ ቄስ ቆሞ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። አያ ሲሳይ ለእትዬ ብርቄና ለአባ ወልዴ ነገራቸው፣ ቀብሩም ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን ገመቱ። ስለዚህ ገነተ ማርያም አሳድረውኝ ሲነጋ ሊያረዱኝ፣ ከዚያ ወደ ለቅሶው ሊወስዱኝ ተማከሩ። የሚንፏቀቁት ቀኑ መሽቶ እዚያ ለማደር ሰበብ እንዲሆን ነበር። ቴፑም ከሱቄ ማውጫ ሰበብ ነው፤ ዳቦው ሐዘኑ በባዶ ሆዴ እንዳያገኘኝ፣ ስልኬም ማንም ቀድሞ እንዳይነግረኝ ነው። ለእኔ አዝነው ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት።

ገነተ ማርያም ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ ከፍታ አለ፣ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይይዛል። እዚያ ላይ ስንወጣ ስልኩ ጠራ። ጥሪው ከአራቱም በሮች አምባረቀ። ስክሪኑ ላይ “ሞላ ኩልመስክ” ይላል።

“ወንድሜ ነው!” አልኩ።

“አታንሺው!” ብሎ ጮኸብኝ አያ ሲሳይ። ከተዋወቅን ጀምሮ ጮኾብኝ አያውቅም። አንድ እጁን ሰደደ፣ መንገዱ ግን ጥምዝ ነበርና ወደ መሪው መለሰው። እኔ ደግሞ አትንኪ የተባልኩትን ሳልነካ የቀረሁበት ቀን የለም። ተጫንኩት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ትንፋሽ መጣ። ከባድ፣ የሚያቃትት የሽማግሌ ትንፋሽ። ከፊት በር፣ ከኋላ በር፣ ከእግራችን ሥር ሁሉ የሚመጣ መሰለ። ባዶው ካሴት ይዞራል።

“ትር…ንጎ” አለ ድምፁ።

አያ ሲሳይ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ተንሸራታ ገደሉ አፋፍ አጠገብ ቆመች፣ ሞተሯም ጠፋ። “በስመ አብ! በስመ አብ!” እትዬ ብርቄ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። አባ ወልዴ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ በሩ እስፒከር ዘረጉት።

“ትርንጎ መጣች?” አለ ድምፁ እንደገና።

ከአራታችን ያልፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ስሜን ነው የሚጠራው።

“ምን ሆናችሁ? አባቴ እኮ ነው!” አልኳቸው።

“አባትሽማ…” አለች እትዬ ብርቄና አፏን ያዘች።

ፊታቸውን አየሁ። አንድ በአንድ አየሁ። ባርኔጣው፣ ነጠላው፣ ዳቦው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። አባቴ ሞቷል። የሞተው አባቴ ደግሞ እኔ በገጠምኩት ገመድ ይጠራኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ “አቤት” አልኩ። “አቤት አባየ።”

ድምፁ ጠፍቶ የሞላ ድምፅ መጣ፣ እየተቆራረጠ። “ሀሎ! አያ ሲሳይ! ይሰማዎታል? አባየ ነው ልጥራት ያለ። ጠዋት አረፍ አለ ብየዎት የለ? ሕመሙ ቀለል ብሎት እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አሁን ነቅቶ እሷን ብቻ ነው የሚጠራው። ኧረ ቶሎ በሉ፣ አይቆይም! የት ደረ…”

ተቋረጠ። እሽሽታው ብቻ ቀረ።

“አረፍ አለ” አለ አያ ሲሳይ ለራሱ። ላብ አጥምቆታል። “አረፍ… አለ። እኔ አረፈ ነው የሰማሁት። የእመቤቴ ያለህ! አረፈ ነው የሰማሁት!”

“በፈ ሰማኸው፣ የተባለው ግን በፍ ነው” አሉ አባ ወልዴ። መስቀሉን ወደ ጉያቸው መለሱና ሽማግሌው ያለቅሱ ጀመር።

የአንዲት ፊደል ነገር ነው። አረፈ ቢሆን ለቅሶ፣ አረፍ ቢል እንቅልፍ። ጠዋት ኔትወርኩ ቀሪውን በላውና በአንዲት ፊደል በሕይወት ያለ ሰው ገደልን። እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱን በቡጢ መታሁት።

“ታዲያ ምን ያስቆመናል? ይንዱት እንጂ!”

ነዳው። ያቺ አሮጌ መኪና እንዲያ ስትሮጥ አላየሁም። ጉሙን እየቀደድን ገነተ ማርያምን ሳንሳለም አለፍን፣ አባ ወልዴ ከመቀመጫቸው እየዘለሉ “ቀስ!” ሳይሉ “ቶሎ!” ይሉ ነበር። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዳሰቡት ገነተ ማርያም ባሳድሩኝ፣ በእውነት እየጠራኝ እዚያው ቢሞትስ? ያቺ ቃል እላዬ ላይ እንዳለች ትቀር ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩልመስክ ደረስን። “ድንኳን የለም” አለች እትዬ ብርቄ፣ ከሩቅ ግቢያችንን እያየች። “ተመስገን፣ ድንኳን የለም።”

አባቴ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ግማሽ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። ዓይንሽን አያሳየኝ ያለኝ ሰው ነውና ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

“ማን ናት?”

“ትርንጎ ነኝ።”

“ወደ ብርሃኑ ዙሪ።”

ዞርኩ። እጁን አንሥቶ አገጬን ያዘ፣ ቀና አደረገኝ። እጁ ቀሎ ነበር። አተኩሮ አየኝ።

“አሳየኝ” አለ።

“ምን ላሳይህ አባየ?”

“አንቺን አይደለም። እሱን ነው የምለው።” በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመ። “ዓይንሽን አሳየኝ።”

ሦስት ዓመት የተሸከምኳትን ቃል ከመሃሏ አንዲት ፊደል መዝዞ መለሰልኝ። ጉልበቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሱም ራሴን እየዳሰሰ ቆየና “ሬዲዮኔን ሞላ አበላሽቶታል፣ ሲነጋ እይልኝ” አለኝ። ሲነጋ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሠራሁለት። “ባለሙያው አንቺ ነሽ?” አለኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ ከእኔ ኋላ ሳያይ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው “እነዚያ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው! መርዶ መደበቅ ኋላ ቀርነት ነው” ይለኛል። እኔ አልፈርድባቸውም። ለእኔ ብለው ሱባኤ ያቋረጡ፣ ጾም ያስገደፉ ሰዎች ናቸው። የምፈርደው በራሴ ነው። እነሱ ለአንድ ቀን ደበቁኝ፤ እኔ ግን አባቴ ታሞ ሳለ ፍስክ እስኪገባ ብዬ ከራሴ ስደበቅ ከርሜያለሁ። እናንተ የተኳረፋችሁት ሰው ካለ፣ የእናንተ ስልክ በአራት በር አይጮህላችሁም ይሆናል። ዛሬ ሂዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ማኩረፍ አልችልም፣ አቅሙን አጥቻለሁ።

አባቴ ፍስኩ ሲገባ ትንሽ በረታ። “ሂጂ፣ ሱቅሽን ክፈቺ፣ ትመጫለሽ” አለኝና መርቆ ሸኘኝ። በስድስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ የሱቄ በር ተንኳኳ። አያ ሲሳይ ነው። ከኋላው አባ ወልዴና እትዬ ብርቄ ቆመዋል።

“ትርንጎ” አለ። “ቴፑ ድምፅ አቆመ። መጥተሽ እይልኝ።”

መኪናው በሩ ክፍት ነበር። እሽሽታው እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ቴፑ ደኅና ነው።

“በፈ ነው አያ ሲሳይ?” አልኩት።

ጎማውን አላየም። እኔን አየኝ።

“በፈ ነው ልጀ” አለ።

ካቻቢቴውን ካስቀመጥኩበት አልነካሁትም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩና ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።